በክረምት ወደ አንኮበርና ደብረ ሲና ስትወጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰሜን ሸዋ ከዓመቱ ሁሉ ያምራል። ገብሱ ማሳውን ሞልቶ አረንጓዴ ነው፣ ከጣርማ በር ገደል ፏፏቴው ይንዶለዶላል፣ የወፍ ዋሻ ደን ጥድ ዝናብ ጠጥቶ ያውዳል። እንዲያም ሆኖ በየክረምቱ ከአዲስ አበባ ለአንድ ቀን የወጣ ቤተሰብ አንኮበር ላይ ጉም ብቻ አይቶ፣ ልጆቹ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ጫማውን በፌስታል አንጠልጥሎ ሲመለስ እናያለን። ጥፋቱ የዝናቡ አይደለም። ዝናቡ በየዓመቱ በዚያው ወር፣ አብዛኛውን ጊዜም በዚያው ሰዓት ይመጣል። ጥፋቱ የበጋውን ጉዞ እንዳለ ወስዶ ክረምት ላይ መሞከር ነው።

አርፍዶ መነሣት

ይህን ስንት ጊዜ ተናግረናል፤ አሁንም ግን የጉዞው ሁሉ ብልሽት ከዚህ ይጀምራል። በክረምት የደጋ ቀን ለሁለት የተከፈለ ነው። ከንጋት እስከ ቀትር ያለው አንድ ቀን ነው፤ ከቀትር በኋላ ያለው ሌላ ቀን ነው። ጠዋት መሬቱ ቀዝቃዛ፣ ሰማዩ በአብዛኛው የተከፈተ ነው። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ስትሄድ እርጥቡ መሬት ይሞቃል፣ እንፋሎቱ ይነሣል፣ ደመናው ይቆለላል። በአንኮበርና በጣርማ በር በኩል ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከአፋር ቆላ የሚነሣው ሞቃት አየር ገደሉን ተደግፎ ይወጣል፤ በወጣ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የተሸከመው እርጥበት ጉም ይሆናል። ከ6 ሰዓት በፊት እስከ አዋሽ አቅጣጫ ድረስ ሜዳውን የሚያሳይ ገደል፣ 8 ሰዓት ላይ ከፊታችሁ የሚሄደውን ሰው ጃኬት እንኳ ላያሳያችሁ ይችላል።

አሁን የብዙውን ሰው ቀን እንመልከት። ቀጠሮው ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። የመጨረሻው ሰው 3 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ነዳጅ ይቀዳል፣ ውሃ ይገዛል። 130 ኪሎ ሜትሩን ጨርሰው ደብረ ብርሃን ሲገቡ 6 ሰዓት ሊሆን ነው። እዚያ ቁርስም ምሳም የሆነ ጥብስ ይታዘዛል፤ ለብዙ ሰው የታዘዘ ጥብስ ቶሎ አይደርስም። ወደ አንኮበር ሲያቀኑ ሰማዩ ጠቁሯል። 40 ኪሎ ሜትሩ በደረቅ መንገድ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በዝናብ የበለጠ። እዚያ ሲደርሱ ዶፍ ነው። መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፣ ዝናቡ ካፊያ ሲሆን ይወጣሉ፣ ዳገቱን ግማሽ ሲወጡ በረዶ ይወርድባቸዋል። ከዚያም በጨለማ፣ በእርጥብ መንገድ፣ በደከመ ሾፌር 170 ኪሎ ሜትር ይመለሳሉ። የእነዚህን ሰዎች ቀን ዝናቡ አላበላሸባቸውም፤ ዝናቡ ወዳለበት ሰዓት ራሳቸው ሄዱ።

መሆን ያለበት እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሡ። 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ደብረ ብርሃን ትደርሳላችሁ። ቁርስ ግማሽ ሰዓት ብቻ፤ ፉል ወይም እንቁላል ቶሎ የሚደርስ ነው። 4 ሰዓት ላይ አንኮበር ከደረሳችሁ ለእግር ጉዞ ሁለት ሰዓት ተኩል ንጹሕ ጊዜ አላችሁ። ምሳውን ዝናቡ ሲጀምር ብሉ፤ ጣሪያ ሥር የሚደረግ ነገር ሁሉ ለዝናብ ሰዓት ይቀመጥ። ከ8 ሰዓት ሳያልፍ ከገደሉ ጫፍ ተነሥታችሁ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ደብረ ብርሃን ሁኑ። የበግ ጠጉር ምንጣፍና ብርድ ልብስ መግዛት፣ ሻይ መጠጣት፣ ዘመድ መጠየቅ ካማራችሁ ጊዜው ያ ነው። መሸት ሲል አዲስ አበባ ትገባላችሁ።

ሾፌሩ ማታውን በጊዜ ይተኛ። ሌሎቻችሁ መኪና ውስጥ ልታንቀላፉ ትችላላችሁ፤ እሱ አይችልም።

አንኮበርንም ደብረ ሲናንም በአንድ ቀን ማለት

በካርታ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፣ የወፍ ዋሻ ደንም በመካከላቸው ነው። በአስፋልት ለመሄድ ግን ወደ ደብረ ብርሃን መመለስ አለባችሁ፤ 40 ኪሎ ሜትር መመለሻ፣ 60 ኪሎ ሜትር መሄጃ። በክረምት አንዱን ምረጡ። ታሪክና የገደል እይታ የምትወዱ ወደ አንኮበር፣ መንገዱንና የአየሩን ለውጥ ማየት የምትሹ በጣርማ በር አድርጋችሁ ወደ ደብረ ሲና።

ጋቢ ለብሶ ዝናብ ላይ መውጣት

ጋቢ ለደረቅ ብርድ ወደር የለውም። ማታ ምድጃ ዳር፣ ጠዋት ውርጭ ላይ እሱን የሚያክል የለም። ግን ጥጥ ነው። ጥጥ የሚያሞቀው በክሮቹ መካከል በያዘው አየር ነው፤ ሲረጥብ ያ አየር ወጥቶ ውሃ ይገባበታል፣ ውሃው ደግሞ የሰውነትን ሙቀት ከአየር እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ይወስዳል። የረጠበ ጋቢ ከራቁትነት ባይብስ አይሻልም፤ ክብደቱም ትከሻ ይሰብራል። ጂንስ ሱሪና የጥጥ ሹራብም እንዲሁ ናቸው።

የአገሩ ሰው ይህን ያውቃል። መንዝ በግ የሚያረባው ለሥጋው ብቻ አይደለም። በርኖሱ፣ ባናው፣ ዝተቱ ሁሉ ከበግ ጠጉር ነው፤ የበግ ጠጉር ረጥቦም ቢሆን የተወሰነ ሙቀት ይይዛል፣ ቀላል ካፊያም ቶሎ አይዘልቀውም። በበርኖስ ሥር የቆመ እረኛ ከበረዶው ሲተርፍ፣ ባለ ጥጥ ጃኬቱ እንግዳ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የጣርማ በር አንገት ከ3,100 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ነፋስና እርጥብ ልብስ ሲጨመርበት ሐምሌ ውስጥ ያለ ሰው በበጋ ሌሊት ከሚበርደው በላይ ይበርደዋል። ስለዚህ ከሥር ቶሎ የሚደርቅ ስስ ልብስ፣ መካከል ላይ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ውሃ የማያሳልፍ የዝናብ ካፖርት ልበሱ። ካፖርቱ ጉልበትን ይሸፍን፤ አጭር ከሆነ ከላይ የሚወርደው ውሃ በሙሉ ሱሪያችሁ ላይ ያርፋል። ጃንጥላ ከመኪና እስከ ሆቴል በር ያገለግላል፤ በገደል ጫፍ ላይ ነፋሱ ገልብጦ ይወስደዋል፣ እጅም ያስይዛል።

ለእግር፣ ጥርሱ ያላለቀ ቆዳ ጫማ ወይም የጎማ ቦት። ሸራ ጫማ በአምስት ደቂቃ ውሃ ይሞላል። የጎማ ቦት ለጭቃ ግሩም ነው፤ በቁልቁለት ድንጋይ ላይ ግን ስለሚያዳልጥ ዱላ ያዙ። በየሰው ሁለት ጥንድ ተለዋጭ ካልሲና አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስ፣ በፌስታል ታስሮ፣ መኪና ውስጥ ይቅር። ይህ ቅያሪ ለልጆች የግድ ነው፤ ትንሽ ሰውነት ሙቀቱን ከአዋቂ በፍጥነት ያጣል።

ሰው በብርድ እየተጎዳ መሆኑ የሚታወቀው በመንቀጥቀጥ፣ ቀጥሎም በመደናቀፍና በአንደበት መያያዝ ነው። መንቀጥቀጡ ቆሞ ሰውየው ዝም ካለና መተኛት ከፈለገ እየተሻለው አይደለም፤ እየባሰበት ነው። እርጥቡን ልብስ ሙሉ በሙሉ አውልቁለት፣ በደረቅ ነገር ከነራሱ ጠቅልሉት፣ ከነፋስ አውጡት፤ መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ስጡት፤ ካልቻለ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። አረቄ አትስጡት። የደብረ ብርሃን አረቄ ስም ያለው ነው፣ ደረትን ሲያቃጥልም የሞቀን ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ከፍቶ የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ማፍሰስ ነው። ቤት ገብቶ፣ ደርቆ፣ እሳት ዳር ለተቀመጠ ሰው ሌላ ጉዳይ ነው።

ጣርማ በር ላይ ረጅም መብራት ማብራት

ጉም ማለት የውሃ ጠብታ ነው። ረጅሙን መብራት ስታበሩ ብርሃኑ ጠብታዎቹ ላይ አርፎ ወደ ራሳችሁ ዓይን ይመለሳል፤ መንገዱ በነጭ ግድግዳ ይዘጋል። አጭሩን መብራት አብሩ፣ የጉም መብራት ካላችሁ እሱንም። ዓይናችሁን በቀኝ በኩል ባለው የመንገዱ ዳር ላይ አድርጉ፤ መሐል መስመሩን ተከትሎ የሚነዳ ሰው ከፊት የሚመጣው ሲኖትራክም መሐሉን እየተከተለ ሊሆን እንደሚችል አይርሳ።

ፍጥነቱን በልምድ ሳይሆን በሚታያችሁ ርቀት ልኩት። በእርጥብ አስፋልት ላይ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ መኪና ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥና መኪናው እስኪቆም 20 ሜትር ያህል ይሄዳል። በ60 ኪሎ ሜትር ግን 60 ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር መቆሚያው በሦስት እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። ቁልቁለት ሲሆን ከዚህም ይረዝማል። 20 ሜትር ብቻ የሚታይበት ጉም ውስጥ ከ30 በላይ መንዳት የማይታይ ነገር ላይ መንዳት ነው።

አራቱንም ፍሬቻ እያበሩ መሄድ ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። ከኋላ የሚመጣው የቆማችሁ ይመስለዋል፣ ልትታጠፉ ስትሉም ምልክት የላችሁም። ፍሬቻው ለቆመ መኪና ነው። መቆም ካለባችሁም ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ውጡ፤ በጣርማ በር ጥምዝ ላይ ቆሞ ፎቶ ማንሣት የራስንም የሌላውንም ሕይወት መስጠት ነው።

የጣርማ በሩ የመኪና መንገድ ዋሻ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የቆፈሩት ነው፤ 587 ሜትር ይረዝማል። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከአንድ ደቂቃ ትንሽ በላይ ይፈጃል። ከመግባታችሁ በፊት ቀንሱ፤ ከነጭ ጉም ወደ ጨለማ የገባ ዓይን ለመላመድ ጥቂት ሰኮንድ ይፈልጋል፣ ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል፣ አስፋልቱም እርጥብ ነው። ከወዲያ ማዶ ስትወጡ አየሩ ሙሉ በሙሉ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ በኩል ጉም፣ በዚያ በኩል ፀሐይ፣ ወይም ተገላቢጦሹ። የዚህ መንገድ ደስታውም ይኸው ነው።

መስታወቱ ከውስጥ ላብ ሲያወጣ በእጅ አትጥረጉት፤ ይብሳል። ማሞቂያውን ወደ መስታወት አዙሩ፣ ኤሲ ካለ አብራችሁ ክፈቱት፤ ኤሲው እርጥበቱን ይወስዳል። ሁለቱም ከሌለ የሁለቱን ጎን መስኮት ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጉ።

ከዋሻው እስከ ሸዋ ሮቢት 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ወደ 1,800 ሜትር ትወርዳላችሁ። ፍሬን ላይ እግሩን ጭኖ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን ያቃጥላል፤ የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ቀድሞውንም ዘግይቷል። ዳገቱን ለመውጣት በምትጠቀሙበት ማርሽ ቁልቁለቱንም ውረዱ። ከመነሣታችሁ በፊት የጎማውን ጥርስ እዩ፤ ጥልቀቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰ ጎማው ውሃውን በቅጡ አይጠርግም። የዝናብ መጥረጊያው ላስቲክ ከተሰነጠቀ ቀይሩት።

ከአስፋልት ወጥቶ መረሬ ላይ መግባት

መረሬ የሚባለው የደብረ ብርሃን ሜዳ ጥቁር አፈር በጋ ላይ እንደ ድንጋይ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ላይ ማጥ ነው። አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ያላቸው ሰዎች በዚህ ይታለላሉ። መረሬ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል፤ ልሙጥ ጎማ ደግሞ አራት ቢሆን ስምንት ያው ነው። የገባ መኪና ነዳጅ በሰጡት ቁጥር ይቀበራል። አጥፉት፣ ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ በአካፋ ጥረጉ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይና ገለባ አንጥፉ፣ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ሞክሩ። ገበሬው በሬውን ይዞ ከደረሰላችሁ ድካሙን ክፈሉ፤ ያቆመው ሥራ አለ።

የገብስ ማሳ ለፎቶ አትርገጡ። ያ የአንድ ቤተሰብ የዓመት እንጀራ ነው።

መንገድ ሲጠይቁ መልሱን ራስ መናገር

«ይህ መንገድ ወደ ደኑ ይወስዳል አይደል?» ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ የአገሩ ሰው «አዎ» ይለዋል። እንግዳን «አይደለም» ማለት ስለሚከብደው ነው። «ቅርብ ነው?» ብትሉትም ቅርብ ነው፤ እሱ ሲሄደው ቅርብ ነው። መጀመሪያ ሰላምታ ስጡ፤ «እንዴት አደራችሁ»፣ «እንዴት ዋላችሁ» ሳይሉ ጥያቄ መወርወር ነውር ነው። ሽማግሌውን አባባ፣ እናቲቱን እማማ በሉ። ከዚያ ክፍት ጥያቄ ጠይቁ፦ ወደ ደኑ የሚወስደው የትኛው ነው? ዛሬ ጠዋት መኪና አልፎበታል? ወንዙ ትናንት ማታ ሞልቶ ነበር? በእግር ሄዶ ለመመለስ ፀሐይዋ የት ትደርሳለች?

የመንገዱን ሁኔታ ከመነሣታችሁ በፊት በዚያው ዕለት ጠዋት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ጠይቁ። የሚኒባስ ሾፌሮች ናዳ የት እንደወረደ፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን ከማንም በፊት ያውቃሉ። የትናንት ወሬ ለክረምት መንገድ አይሆንም፤ የደብረ ሲና ተዳፋት ዝናብ ሲጠግብ የሚንሸራተት መሬት ነው።

ወፍ ዋሻን እንደ ከተማ መናፈሻ መቁጠር

ወፍ ዋሻ በሰው እጅ የተዘረጋ መንገድና አግዳሚ ወንበር ያለው ቦታ አይደለም። የጥንት ደን ነው፤ ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ የወጨጫን ተራራ በጥድ ያለበሱት ዘሩን ከዚህ አስመጥተው ነው ይባላል። ከታች ዝግባና ጥድ፣ ከፍ ሲል ኮሶና አምጃ፣ ጫፉ ላይ አስታና ጅብራ ይገኛል። ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ ይኖሩበታል።

እዚህ የሚሠሩት ስህተት አንዱ ዝናቡ ቆመ ብሎ ወዲያው መግባት ነው። ሰማዩ ቢያባራም ደኑ አላባራም፤ ቅጠሉ የያዘውን ውሃ ለረጅም ጊዜ ማንጠባጠቡን ይቀጥላል። የዝናብ ካፖርታችሁን አታውልቁ። ሁለተኛው ያለ አስጎብኚ መግባት ነው። የከብትና የእንጨት ለቃሚ መንገዶች እርስ በርስ ይቆራረጣሉ፤ ጉም ሲገባ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ከአካባቢው አንድ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ዋጋውን ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ሦስተኛው ሲያዳልጥ ያገኙትን ቅጠል መጨበጥ ነው፤ እርጥብ መንገድ ዳር በብዛት የሚበቅለው ሳማ ነው። እጅጌያችሁ ረጅም ይሁን።

ከምንጭና ከጅረት በእፍኝ አትጠጡ። ከብት በሚጠጣበት ውሃ ውስጥ አልቅት አለ፤ ትንሽ ሲሆን አይታይም፣ ጉሮሮ ወይም አፍንጫ ውስጥ ተጣብቆ ያድጋል። ለአንድ ሰው ለግማሽ ቀን አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ይዛችሁ ግቡ፤ ብርድ ስለሆነ ጥም አይሰማችሁም እንጂ ዳገት ያልባል።

ነጎድጓድ ከሰማችሁ ከብልጭታው እስከ ድምፁ ያለውን ሰኮንድ ቁጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ 30 ሰኮንድ ሳይሞላ ከጮኸ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፣ መሸሽ አለባችሁ። ከኮረብታው ራስና ከገደሉ ጫፍ ውረዱ። ሜዳ ላይ ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ ለዝናብ ጥላ ይሁን እንጂ ለመብረቅ ምሶሶ ነው። መኪና ውስጥ መስኮቱን ዘግቶ መቀመጥ ከሁሉ ይሻላል። እረኞች የሚሄዱበትን አስተውሉ፤ እነሱ ከብቱን ከጉብታው የሚያወርዱት በምክንያት ነው።

ጭላዳዎቹን አታብሉ። ዳቦ የለመደ ጭላዳ መኪና ያሳድዳል፣ ይገጫል፤ ምግቡ ሣር ነው። ማየት ከፈለጋችሁ ጠዋት ነው፣ ካደሩበት ገደል ወጥተው ሜዳው ላይ ሲበተኑ፤ ሃያ ሜትር ርቃችሁ ቁጭ ብትሉ ራሳቸው እየጋጡ ይቀርባሉ።

ጉም ነው ብሎ አንኮበርን ትቶ መመለስ

አንኮበር የእይታ ቦታ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ጉም ሲያዩ መኪናቸውን ያዞራሉ። የሣህለ ሥላሴ መናገሻ የነበረች፣ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት ሸዋን ያስተዳደሩባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከታጁራ ጠረፍ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የመጣው ወደዚህ ቤተ መንግሥት ነበር። ዛሬ ኮረብታው ላይ ከጥንቱ የቀረው የግንብ ፍርስራሽ ነው፤ እሱን ለማየት ጉም አይከለክልም። የሚወጣው የእግር መንገድ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ እርጥብ ድንጋዩ ያዳልጣል። ሲወጡ ሳይሆን ሲወርዱ ነው ሰው የሚወድቀው፤ በጎን እየረገጣችሁ፣ በዱላ ውረዱ።

ጉሙ ካልተገለጠ ሌላ መላ አለ። ጉም ገደሉ ላይ የተለጠፈ ደመና ስለሆነ ሥር አለው። ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውን መንገድ ጠይቃችሁ ክፍት ከሆነ ጥቂት ኪሎ ሜትር ውረዱ፤ ብዙ ጊዜ ከደመናው በታች ትወጣላችሁ፣ ቆላው ፊታችሁ ይዘረጋል። አልዩ አምባ ራሷ መታየት የሚገባት ናት። ከጠረፍ በአፋር በኩል የሚመጣው ጨውና ጨርቅ ከሸዋ ደጋ ከሚወርደው እህል ጋር የሚገናኝባት፣ አፋሩ፣ አርጎባውና አማራው የሚገበያዩባት ጥንታዊ ገበያ ነበረች። የገበያዋን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከገበያ ቀን ውጭ የምታዩት ጸጥ ያለች ትንሽ ከተማ ነው።

በደብረ ሲና በኩልም ያው ነው። ከተማዋ ጉም ውስጥ ካለች ወደ አርማንያ ዝቅ በሉ።

ቆላው ላይ ፀሐይ ስላለ ወንዙን ማመን

ሸዋ ሮቢት ሜዳ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አሸዋው ደርቆ ልጆች ወንዝ ውስጥ ይጫወታሉ። ከበላያቸው፣ በደጋው፣ ጥቁር ደመና ተጭኗል። ያ ዝናብ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በወንዙ ይመጣል፤ ደራሽ የሚባለው ለዚህ ነው። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ካመጣ፣ ከላይ እንደ መኪና የሚያጉረመርም ድምፅ ከተሰማ ጫማ ሳታነሡ ወደ ዳገት ውጡ። 15 ሳንቲ ሜትር ፈጣን ውሃ አዋቂ ሰው ይጥላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሳንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ደራሽ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። ማዶና ማዶ ሆነው የሚጠብቁትን ነጋዴዎች ተቀላቅላችሁ ጠብቁ።

ጾሙን አለማሰብ

ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። በእነዚያ ቀናት በትናንሽ ከተሞች ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት የሚሸጥ ቤት ማግኘት ይቸግራል። ለሚጾም ሽሮና በያይነቱ አለ፤ ለሕፃናት ግን ምግብ ይዛችሁ ውጡ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ዝናብ አያበላሻቸውም፣ መኪና ቢቆምም ያቆያሉ፤ ጭኮ ቅቤ ስላለበት ከጾም ውጭ ላለ ቀን ነው። ቅዳሴው በፍልሰታ አብዛኛውን ቀን ከቀትር በኋላ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም የምታስቡ ሰዓቱን ከዚያ ጋር አስማሙ። ጫማ አውልቃችሁ ስለምትገቡ ደረቅ ካልሲ፣ ለሴቶችም በፌስታል የተጠበቀ ደረቅ ነጠላ ያስፈልጋል።

ስልክ ውሃ ከገባበት አጥፉት፣ ቻርጅ አታድርጉት፣ ነፋስ ላይ አስቀምጡት፤ ሩዝ ውስጥ መቅበሩ አይጠቅምም። ካሜራ ከብርዱ ወደ ሞቀው መኪና ስታስገቡ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ሃያ ደቂቃ ተዉት፤ ጠሉ መስታወቱ ላይ ሳይሆን ፌስታሉ ላይ ያርፋል።

«አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶናል» ማለት

8 ሰዓት ሆኖ፣ ሁሉም ደስ ብሎት፣ ዝናቡ ገና ሳይጀምር ሲቀር ይህ ቃል ይመጣል። ያኔ ነው መነሣት ያለባችሁ። በሐምሌ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ይጨልማል፣ ደመና ሲሆን ከዚያም ቀደም ብሎ። ከደብረ ብርሃን እስከ ጫጫና ከዚያም ወዲህ ባለው መንገድ ከብቱ ከግጦሽ የሚመለሰው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አስፋልት ላይ ነው። በጎቹ አስፋልቱ ላይ መቆም ይወዳሉ፤ የረጠበ የመንዝ በግ ደግሞ በምሽት ከመንገዱ ቀለም አይለይም። እረኛው ሕፃን ነው፣ ራሱን በላስቲክ ሸፍኗል፣ በዝናቡ ድምፅ የመኪናችሁን ጡሩምባ አይሰማም። ይህን መንገድ በብርሃን ጨርሱት።